ባቡር ጣቢያ የሰነበተችው እንግዳ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጥር 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እማዬ፤ ልጅሽ ከናፍቆትሽና ከጉልበቱ ቁርጥማት በቀር ደህና ነው። ፎቶውን አይቶ «ከስቷል» ብሎ የሚያስወራው ጋሼ የራሱን ቦርጭ ይጠብቅ፤ ልጅሽ ያን ፎቶ የተነሣው ካፖርቱን አውልቆ ነው።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ከተማው በረዶ በለበሰበት ሰሞን፣ ዩኒየን ስቴሽን የሚባለው ትልቁ ባቡር ጣቢያ የበረዶ ጉጉት መጣች። ልጅሽ ታክሲውን አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ ሕዝቡ የኮሎምበስን ሐውልት አንጋጦ ያያል። ፖሊሱም አንጋጧል። «ምን ተፈጠረ?» ቢል «እሽሽ!» አሉት።

አንዲት ባልቴት ክንዱን ለቀም አድርገው መነጽራቸውን ዐይኑ ላይ ለጠፉና ትምህርት ጀመሩ። ዐይኗ ቢጫ ነው፤ ራሷ ላይ ቀንድ የሚመስል ላባ ጎልቶ አይታይም፤ እግሯ እስከ ጥፍሯ ላባ ለብሷል። ጥቁር ቡናማ መስመር የበዛባት ሴት ወይም ገና ዕድሜዋ ያልጠና ናት፤ በዕድሜ የገፋው ወንድ ነጭ በነጭ ነው። ፊቷ የልብ ቅርጽ፣ ዐይኗ ጥቁር ከሆነ ግን ሌላ ዘር ናት፤ እንዳትሳሳት! ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች ሲሉት ልጅሽ እትዬንና ባሏን አስቦ ሳቀ። «እሽሽ!»

ይኼኔ ጉጉቷ ገላዋ ሳይነቃነቅ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ አፈጠጠችበት። አንዲት ጉጉት ጣራችን ላይ ጮኸች ብለሽ ሌሊቱን ሙሉ ያስጸለይሽው ልጅ ምን ያድርግ? አማተበ። ባልቴቷ የወፍ ተመልካቾች ሰላምታ መስሏቸው አብረው አማተቡ። ከጎናቸው ያለው ባለካሜራም ቀጠለ፤ ፖሊሱም ቆቡን አወለቀ። ቅዳሴው ሊጀመር ሲል ጉጉቷ ቁልቁል ተወርውራ አይጥ አነቀች። ጭብጨባው ቀለጠ! ያቺ ድመትሽ ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርገው ማን አጨበጨበላት?

የጉጉቷ አገር ዛፍ የማይበቅልበት የሰሜን ዋልታ ዳርቻ ነው። እዚያ ሌሚንግ የሚባለው የአይጥ ዘመድ ሲበዛ ጫጩቱም ይበዛል፤ በዚያው ዓመት ወጣቶቹ በብዛት ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ጋሼ «ስደተኛ ሁሉ የተራበ ነው» የሚለውን ፈሊጥ እዚህ ላይ ያርም። በጥር 2006 እዚሁ ከተማ የመጣችውን ግን አውቶቡስ ገጭቷት፣ በብሔራዊው የእንስሳት ማቆያ ታክማለች። ልጅሽ በዚያ አካባቢ ሲያልፍ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፤ እትዬ «ድሮም ቀስ እንዳለ ነው» እንደምትል ያውቃል።

የገና ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቤት መግባት አስጠላው፤ ሄዶ ከጉጉቷ ሥር ቆመ። ሰው አልነበረም። የአንቺ ዶሮ ወጥ ትዝ ሲለው ጉሮሮው ተዘጋ። ደግነቱ፣ እዚያ ቢኖርም ፈረሰኛውን እትዬ ቀድማ ታነሣው ነበር።

በርበሬ ላኪለት። በጋሼ በኩል ግን እንዳይሆን፤ ያለፈው መንገድ ላይ ግማሽ ሆኗል።

ልጅሽ፣ የዲሲው