የነጋዴው ደብዳቤ

መጋቢት 28 ቀን 1977 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ከሥልጣን ሲወርድ የሱዳን አፍ ተፈታ። «አልአያም»ንና «አልሰሃፋ»ን ስታነብ የኖረችው ካርቱም በአዳዲስ ጋዜጦች ተጥለቀለቀች። እኛ ያለንባት ገዳሪፍ ከተማ የሚደርሱን በአውቶቡስ ነበር፤ የአንባቢ ደብዳቤ ገጻቸው ላይ ያልተረገመ ነገር አልነበረም። «እኛስ ምን አነሰን?» አለ ከመካከላችን አንዱ፣ መምህሩ።

እኛ ማለት አንዲት ሻይ ሻጭ ዘንድ የምንሰባሰብ ስደተኞች ነን። የኢሕአፓና የኢዲዩ ፓርቲ ሰዎች ስኳሩ እስኪያልቅ ይጨቃጨቃሉ፤ የሚያስማማቸው ከሻ ብቻ ነው። ከሻ ማለት ፖሊስ ገበያ ዳር ሎሪ አቁሞ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ እያፈሰ ካምፕ የሚወረውርበት ነው። ሻይ ሻጯ ጀበናዋን እሳት ላይ እንደጣደች ተወስዳ ታውቃለች፤ ቡናው እንዳይገነፍል ያወረድነው እኛ ነን። እ.ኤ.አ. የ1974ቱ የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ ከተመደበለት ቦታ እንዳይወጣ ይከለክል ነበር፤ ፖለቲካ ውስጥ እንዳይገባም እንዲሁ። እንግዲህ «ከሻ ይቅር» ብሎ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ራሱ ለከሻ ያበቃ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤዎቹ በሱዳናውያን ስም ይጻፉ ተባለ። እኔ አልወደድኩትም፤ ለእውነተኛ በደል የውሸት ባለቤት መፈለግ ምን ይባላል? ግን በድምፅ ተበለጥኩ።

አረብኛችን ከገበያ ስለማያልፍ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዓርደሃልጂ፣ የእኛ አገር ራፖር ጸሐፊ ማለት ናቸው፣ ዘንድ ሄድን። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ባለቤት የሰሊጥ ነጋዴ አደረግነው። ሐሳቡ የመምህሩ ነው፦ ሰሊጥ ሲደርስ የሐበሻን ጉልበት የሚጠራ ከተማ፣ አጨዳው ሲያልቅ ስለምን ሎሪ ይጠራል? ዛሬም ድረስ ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ አልሰማሁም። ቀጥሎ ተማሪ፣ ከዚያ ሾፌር ፈጠርን። ሽማግሌው ሁሉንም በአንድ ቀለም፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ሰላምታ ጻፉና በየደብዳቤው ላይ እንደ ፍርድ ቤት ማመልከቻ ደምጋ፣ የቀረጥ ቴምብር ማለት ነው፣ ለጠፉበት። የደምጋውን ሂሳብ እኛ ከፈልን። «ለጋዜጣ እኮ ነው» ብንላቸው፣ «ያለ ደምጋ ማን ያነባል?» አሉ።

ሲቆይ መምህሩ ጋዜጣ እያውለበለበ መጣ። የነጋዴያችን ስም ታትሟል! አንባቢ ፈልገን ስናስነብብ፣ ነጋዴው ስለ ገዳሪፍ የውሃ ችግር ያማርራል፤ በአህያ ጋሪ ስለሚዞረው ውሃ ዋጋ፣ ስለ ባለሥልጣናቱ እንቅልፍ። ስለ ከሻ አንድ ቃል የለም።

ሽማግሌው ዘንድ በረርን። ምንም አልደነገጡም። «ውሃውን ከላይ፣ የእናንተን ከታች ጻፍኩ፤ የቆረጠው ጋዜጠኛው ነው» አሉ። ሰፈራቸው ውሃ ካጣ ሰንብቷል። አጻጻፋቸው ደግሞ፣ ምቀኝነት ካልሆነ በቀር፣ አይታማም።

ከተማው ግን ነጋዴውን ይፈልግ ጀመር። ስለ ውሃው አቤት ለማለት የተመረጡ ሽማግሌዎች ነጋዴው ቃል አቀባይ እንዲሆናቸው ፈልገው የት እንደሚገኝ ዓርደሃልጂውን ጠየቋቸው። «ለንግድ ፖርት ሱዳን ወርዷል» ብለው መለሱላቸው። አቤቱታውን ራሳቸው ጻፉላቸው፤ በክፍያ፣ ከነደምጋው።

በተከታዩ ከሻ መምህሩ ተጫነ። ከኡም ራኩባ ካምፕ በሎሪ ሾፌር እጅ ብጣሽ ወረቀት ላከልን። ሲጋራ ይለምናል፣ ብርድ ልብሱን አደራ ይላል፣ ከታች ደግሞ «ለመሆኑ ውሃው መጣ ወይ?» ይላል።