ያልበላውን የሚያክ ጀግና

ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጠን ሳለ አንዱ ስልኩን አዙሮ የካንጋሮ ቦክስ አሳየን። ሁለቱ ወንዶች በጅራታቸው ተደግፈው ሆድ ሆዳቸውን ይራገጣሉ። ቤቱ በአንድ ድምፅ «አቦ፣ ወንድ ማለት ይሄ ነው!» አለ። እኔ ግን ኤረር ጎታ አፍንጫችን ሥር እያለች አውስትራሊያ ድረስ ምን አስኬደን ስል ተከራከርኩ።

ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በድሮው ባቡር መንገድ ላይ ያለችው ኤረር ጎታ፣ ለእኛ ፍል ውሃዋና ፍራፍሬዋ ናት። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሐንስ ኩመር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 እና 1961 የሐማድርያስ ዝንጀሮ ሲከተል የከረመው እዚያ ነው። ወንዱ ብርማ ጎፈር ደርቦ፣ ከሴቷ እጥፍ ገዝፎ፣ ሚስቶቹን እየነዳ ይሄዳል። ወደኋላ የቀረችውን በዐይኑ ይገስጻል፤ ካልሰማች ማጅራቷን ይነክሳል። ይህን ስተርክ በርጫው ፈገግ አለ፤ ሚስቶቻችን አልነበሩማ።

ፈገግታው ግን አልቆየም። ኩመርና ባልደረቦቹ አንዱን ወንድ ከሴት ጋር አጥር ውስጥ አስገብተው፣ የሚያውቀውን ሌላ ወንድ ከውጭ እንዲያይ አደረጉት። ቆይተው እሱንም ቀላቀሉት። ድብድብ ሲጠበቅ ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ሰማይ አየ፣ ጠጠር ነካካ፣ ያልበላውን አከከ። በዚያው አቆጣጠር በ1980 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተቀናቃኙ የሴቷ ልብ ከባለቤቷ ጋር መሆን አለመሆኑን መዝኖ እንደሚደፍር አሳየ። ለካ ዳኛዋ እሷ ኖራለች!

ወንዶቹ ሲጣሉም አፋቸውን ከፍተው ጥርስ ያሳያሉ፣ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ ንክሻው ከስንት አንዴ ነው። ከፊራ ገበያ መሐል ያዙኝ ልቀቁኝ እንደሚሉ ሁለት ጎረምሶች ማለት ነው።

ሚስቶቹን የተነጠቀው አዛውንትስ? ይከሳል፣ ግርማው ይገፈፋል። ሆኖም ጠዋት መንጋው ወዴት ይሂድ ሲባል፣ ጎረምሶቹ የእሱን አቅጣጫ ያያሉ። ካንጋሮው በእርግጫ የማያገኘው ሹመት ይሄ ነው።

ስለዚህ ወሪያ፣ ባጃጅ ወረፋ ላይ ደረትህ ሲነፋ ቡጢህን አታጥብቅ። ጀርባህን ሰጥተህ ያልበላህን እከክ፤ ድሬ ላይ ለሙቀቱ ነው ይሉሃል እንጂ ፈሪ የሚልህ የለም።