ስለ ባትሪና ስለ ድንጋዩ

ይህ ጥናት የተካሄደው መሳለሚያ፣ ከእህል በረንዳ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የናሙናው ብዛት አንድ ሲሆን እሷም የአጥኚው እናት ናት። ናሙናው አነሰ የሚል ምሁር ካለ እናቴን ለአንድ ቀን ይዟት ይዋልና ያኔ እንነጋገር።

የጥናቱ መነሻ በሁለት ቃል ያልቃል፦ መብራት ሄደ። በአማርኛ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል እንጂ አይቋረጥም፤ ሲሄድም ሲመጣም እንደ ሥጋ ዘመድ ሳያስታውቅ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ እናቴ መኝታ ቤት ያለው መንገድ ግን ሩቅ ነው። ከመኝታ ቤቷ እስከ ግቢው ሽንት ቤት ያለው ደግሞ 19 እርምጃ ሲሆን፣ ሰባተኛው ላይ ክዳኑ የተሰበረ ቦይ አለ። ጥናቱ የሚመለከተው እነዚህን 19 እርምጃዎች ብቻ ነው፤ ሌላውን ለመሐንዲሶች ትቷል።

ለእነዚህ እርምጃዎች የእጅ መብራት መግዛት ያስፈልጋል፤ ወደ ገበያ ከመውጣት በፊት ግን የስያሜው ጉዳይ መጥራት አለበት። እንግሊዞች ዕቃውን «ቶርች» ይሉታል፤ ችቦ ማለት ነው፤ እኛ ለደመራ የምንይዘው። አሜሪካኖቹ ግን «ፍላሽ ላይት» አሉት። ምክንያቱም ዴቪድ ሚዜል የተባለ ፈጣሪ እ.አ.አ. በጥር 1899፣ የዐድዋ ድል ሦስተኛ ዓመቱን ሊደፍን ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ የፈጠራ መብት ያገኘበት ቱቦ ብርሃኑ ቶሎ ይደክም ስለነበር ብልጭ እያደረጉ ማጥፋት ግድ ነበር። ጉድለቱን ስም አድርገው አወጡለት ማለት ነው። የኛ ሰው ከሁለቱም የተለየ መንገድ ሄደ። ዕቃውን «ባትሪ» አለው፤ ባትሪውን ደግሞ «ድንጋይ»። ስለዚህ «ባትሪው ድንጋይ ጨርሷል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ወደ የትኛውም የውጭ ቋንቋ መልሶ በሰላም መኖር አይቻልም።

አንዳንድ የተማሩ ሰዎች «ድንጋይ» ሲባል ፈገግ ይላሉ። አይገባቸውም። ፈረንሳዊው ዦርዥ ለክላንሼ እ.አ.አ. በ1866 ከሠራው ጀምሮ የዚህ ዕቃ ሆድ የተሞላው በማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው፤ ያም ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ማዕድን ነው። በቆርቆሮ የታሸገውን ያንን ጥቁር ዱቄት የእህል በረንዳ ሰው ቢያየው «ተፈጭቶ የመጣ ድንጋይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ልክ ነው። እያንዳንዱ 1.5 ቮልት፣ ሁለቱ ሲደረደሩ 3 ቮልት ይሰጣሉ። ሙሉ ኤሌክትሪክ ማለት ለእናቴ ይህ ነው።

መርካቶ ቅርባችን ነው። ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ በአንድ ቁልፍ አምስት ሥራ የሚሠራ ጥቁር ባትሪ ነበር፦ ደማቅ፣ መካከለኛ፣ ደብዛዛ፣ ብልጭ ድርግም፣ መጨረሻ ላይ የአደጋ ጥሪ።

«ኦርጅናል ነው ወንድሜ፤ ውኃ ውስጥ ራሱ ይሠራል» አለኝ።

«እናቴ ውኃ ውስጥ አትሄድም» አልኩት።

«ግቢያችሁ ቦይ የለም?»

አለ። አጥኚው በዚህ ነጥብ ተረትቶ፣ ዋጋም ሳይከራከር ገዝቶ ወጣ።

እማዬ ባትሪውን ተቀብላ መረቀችኝ፤ ማታ አበራችው። ልታጠፋው ስትጫነው ደበዘዘ። ደግማ ስትጫነው ይባስ ደበዘዘ። አራተኛው ላይ ቆም ብላ አየችውና «ይሄ ደግሞ ምን ነክቶት ነው ዓይኑን የሚያርገበግበው?» አለችኝ። ኤስ ኦ ኤስ የሚባል ነገር እንዳለ፣ መርከብ ሲሰጥም ሰው ድረሱልኝ የሚልበት እንደሆነ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ። ሌሊት ለውኃ ስነሳ ባትሪው ትራሷ አጠገብ በነጠላ ተጠቅልሎ እንደ ፋኖስ ያበራ ነበር። «አላጠፋሽውም እንዴ?» ስላት «ሸፍኜዋለሁ እኮ» አለች። ማጥፋት ሲያቅት መሸፈን የኖረ ዘዴ ነው፤ ባለሥልጣናትም ይጠቀሙበታል። ድንጋዩ ግን በሦስት ቀን አለቀ።

ቻርጅ የሚደረገውን ዓይነት በአጭሩ እንለፈው። ቻርጅ የሚደረገው መብራት ሲኖር ነው፤ መብራት ሲኖር ደግሞ ባትሪን የሚያስታውስ ሰው እስካሁን አልተወለደም። በርካሾቹ ውስጥ ያለው ትንሽ የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ከሰነበተ እስከ ወዲያኛው ይሞታል። የሞባይል መብራትም ተፈትሿል። እ.አ.አ. በ2003 የወጣችው ኖኪያ 1100 ግንባሯ ላይ ባትሪ ይዛ መጥታ በዓለም ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች፤ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ስልክ ያለ መብራት አይሸጥም። የእናቴም ስልክ አለው። ነገር ግን ስልኩ መቀነቷ ውስጥ ነው የሚያድረው፤ «ድንገት ሰው ቢደውልስ፣ በመብራት ልጨርሰው?» ትላለች። የሚደውለው ሰው እኔ ነኝ። ማዶ ክፍል ነው የምተኛው።

አንድ ቁም ነገር እዚህ ላይ ይግባ፤ ሽሙጥም ቢሆን ጥናት ነውና። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጠኛው ክፍል የሚደርሰው ብርሃን ለ20 ዓመት ወጣት ከሚደርሰው ሲሶ ያህሉ ነው። ስለዚህ ለአረጋዊ ብርሃን መብዛት አለበት። ግን ያው ዓይን ነጸብራቅ አይችልም፤ ሻጩ «አንድ ኪሎ ሜትር ይሄዳል» እያለ የሚያወድሰው ቀጭን ጨረር ግድግዳ ላይ አርፎ ሲመለስ እናትን ያደናግራል። እሷ የምትፈልገው ሰፋ ብሎ እግሯ ሥር የሚወድቅ ብርሃን ነው። ኪሎ ሜትሩን የሚፈልገው ዘበኛ ነው፤ እሱም ቢሆን ባለ ሦስት ድንጋዩን የሚወደው ለዱላነት ጭምር ነው።

ወደ ሱቁ ተመለስኩና «የድሮው የለም?» አልኩ። ሻጩ ቅር ብሎት ከታችኛው መደርደሪያ አቧራውን ጠርጎ አወጣው። ብርማ፣ ወገቡ ሽንትር ሽንትር ያለ፣ ቂጡ ላይ ማንጠልጠያ ቀለበት ያለው ባለ ሁለት ድንጋይ። ማብሪያው በአውራ ጣት ወደ ፊት ሲገፋ ይበራል፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ይጠፋል። ሦስተኛ ሐሳብ የለውም። በድሮዎቹ የታችኛው ክዳን ውስጥ መለዋወጫ አምፑል ይቀመጥ ነበር፤ የዚህኛው አምፑል ግን ኤል ኢ ዲ ነው። ለነጩ ኤል ኢ ዲ መነሻ የሆነውን ሰማያዊ ብርሃን የፈጠሩት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.አ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። የእናቴ ሽልማት ዘግይቶም ቢሆን መጣ። አገላብጣ አየችውና «ይሄስ የአባትህን ይመስላል» አለች። በዚህ ቤት ከዚህ በላይ ማርክ አይሰጥም።

በአምስተኛው ቀን ማታ መብራት ሄደ። ባትሪውን ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር አውርጄ ገፋሁት፤ ዝም። በመዳፌ መታሁት። (መምታት ያልተማረ ሰው ሥራ አይደለም፤ የዛገ ወይም የላላ መገናኛ ሲነቀነቅ ይነካካል።) አሁንም ዝም። ክዳኑን ስፈታው ሞላው ብቻ ዘሎ ወጣ፤ ሆዱ ባዶ ነው።

ከመኝታ ቤት የማታው ዜና ይሰማል።

የድንጋይ ዝውውር ሥርዓት የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው። አዲስ ድንጋይ ሬዲዮ ውስጥ ይገባል። ሬዲዮው ማንጎራጎር ሲጀምር ወደ ባትሪው ይዛወራል። ባትሪው ሲደበዝዝ መስኮቱ ላይ፣ ከበርበሬው ጎን ፀሐይ ይሰጣል፤ እረፍትና ሙቀት ያገኘ ድንጋይ ትንሽ ያገግማልና ተመልሶ ይገባል። እኔ የገዛሁት አዲስ ስለነበር ቦታው ሬዲዮ ነው። ስጠይቃት «ሬዲዮ በየቀኑ ነው፤ መብራት የሚሄደው አንዳንዴ ነው» አለችኝ። ይህን አመክንዮ የሚያፈርስ ሰው ይምጣ።

በማግስቱ አራት ድንጋይ ገዛሁ፤ ሁለቱ ለሬዲዮ፣ ሁለቱ ለባትሪ ብዬ ለይቼ ሰጠኋት። ሁለቱን ከነላስቲካቸው ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው፤ ሬዲዮው ሲደክም እንዲተኩ።

ትናንት ማታ መብራት እንደገና ሄደ። እማዬ ያለ ምንም ብርሃን 19ኙን እርምጃ ሄዳ ተመለሰች፤ ሰባተኛው ላይ እግሯን ከፍ አድርጋ። ቦዩ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ባትሪውን ይዤ ስከተላት። ባትሪው አሁን ታጥቦ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ድንጋዩ ሬዲዮ ውስጥ ነው።