ከአጎዛው ጋር ያልወሰድኩት ዱላ

በኮሎራዶ ብዙ የብርድ ወራት ያሳለፍኩት ተራራውን በመስኮት እያየሁ ነው። የአገር ልጆች ስንሰባሰብ የበረዶ ወሬያችን አካፋ፣ ጨውና የተዘጋ መንገድ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ ግን አንድ ቅዳሜ በማለዳ መጡና «ተነሥ ልጄ፣ ዛሬ የምንውለው ተራራ ነው» አሉኝ።

እርሳቸው የለመዱትን ሰፊ የበረዶ ጫማ ይዘዋል። ለእኔ ያመጡልኝ ቁመቱ 145፣ ወርዱ መሐሉ ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አጭር ስኪ ነው። ገልብጬ ሳየው ከሆዱ ላይ ፀጉር ተለጥፏል። ከአፍንጫው ወደ ጭራው ስደባብሰው ለስላሳ፣ ስመልሰው ጣት የሚይዝ። ልጅ ሳለሁ የምተኛበት የአያቴ አጎዛ ትዝ አለኝ።

የስኪው ዘርም ከአጎዛ አይርቅም። በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በአልታይ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ እንጨት ጠርበው፣ ሥሩን የፈረስ ቆዳ ከነፀጉሩ አልብሰው በጥልቅ በረዶ ይሄዳሉ። አሜሪካዊው ኒልስ ላርሰን እነርሱ ዘንድ ተመላልሶ ያየውን ይዞ፣ ከሸሪኩ ጋር ይህን አጭር ስኪ ሠራ። ስሙን «ሆክ» አሉት፤ በአልታይ በሚኖሩት ቱቫዎች ቋንቋ ስኪ ማለት ነው።

ያን ቅዳሜ ቤር ሌክ ከተባለው ሐይቅ ተነሣን፤ ከፍታው 2,900 ሜትር ግድም ነው። ድሪም ሌክ ወደተባለው ሐይቅ ስንወጣ ከመንገዱ ወጥተን ጫካ ገባን። በረዶው እንደ ዱቄት ነው። ጋሼ በየእርምጃው እግራቸውን ከጉድጓድ ያወጣሉ፤ እኔ እግሬን ሳላነሣ ወደ ፊት እገፋለሁ፤ ፀጉሩ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ እንዳልመለስ ይይዘኛል። የእግሬን ድምፅ እንኳ አልሰማም ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ በረዶ ውስጥ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስንመለስ ቀደምኳቸው። ብዙ ሰው የረገጠው መንገድ ጠጥሮ እንደ መስታወት ያበራል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ስኪው ሮጠ። ጫማዬ ለስላሳ፣ ተረከዜ ልቅ ነው፤ ባዞረው አይዞርም። ከፊቴ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ትወጣለች። ጮኼ ወደ ጎን ተወረወርኩ፤ የወደቅሁት ከአንድ ጥድ ሥር፣ ቅርንጫፎቹ በረዶ እንዳይሞላው ከከለሉት ጉድጓድ ውስጥ ነው። እስከ ደረቴ ሰመጥኩ። አንዱ ስኪ ከቅርንጫፍ ሥር ተቀርቅሯል። በተንቀሳቀስኩ ቁጥር በረዶው ወደ አንገቴ ይናዳል። እንዲህ ካለው ጉድጓድ ያልወጡ ሰዎች እንዳሉ አውቅ ነበርና ፈራሁ።

ጋሼ ደርሰው በአካፋቸው ዙሪያዬን ቆፈሩ። ከወጣሁ በኋላ «ቆዳው ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ይይዝሃል እንጂ ወደ ፊት እንዳትሮጥ አይዝህም» አሉኝ። በሁለት እጄ የያዝኳቸውን የስኪ ዘንጎች ደርበው እንደ አንድ ዱላ አስያዙኝ። የአልታይ ሰዎች ቁልቁለት ሲወርዱ አንድ ረጅም ዱላ በጎናቸው ይዘው፣ ጫን ብለው በረዶውን እያረሱ ነው ፍጥነታቸውን የሚገቱት። እኔ ስኪውን ስወስድ ዱላውን ትቼው ነበር።

ከጠጠረው መንገድ ዳር ባለው ለስላሳ በረዶ፣ የተደረቡትን ዘንጎች ተደግፌ ቀስ ብዬ ወረድኩ። አባቴም ገደል ሲወርድ ምርኩዙን ሳይተክል እግሩን አያስቀድምም ነበር። ዛሬ የተረገጠና ቀጥ ያለ መንገድ ሲሆን እንደ ጋሼ የበረዶ ጫማ አጠልቃለሁ፤ ጥልቅ በረዶና ለዘብ ያለ ዳገት ሲሆን አጭሩን ስኪ። ከቤቴ በር ኋላም አንድ ረጅም ዱላ ቆሟል።