የሽሮው ክብደት

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩን ለአክስቴ ስነግራቸው እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ ሰምተው አለፉት። እሳቸው የሚፈልጉት ሰዓቱን ነው።

«ስንት ሰዓት ተነስተህ ስንት ሰዓት ትገባለህ?»

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ተነስቼ በነጋታው ጠዋት፣ በፈረንጆቹ ሰዓት 8 ተኩል ላይ እገባለሁ አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ።

«አራት ሰዓት! ታዲያ ቦሌ ድረስ እየመጣችሁ የምትላቀሱት ለምንድን ነው? ደሴ በአውቶቡስ ከዚህ አይብስም?»

የእኛ ሰዓት ከፈረንጁ በ6 ይለያል፤ ዋሽንግተን ደግሞ እንደ ወቅቱ ከእኛ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ሲደመር ሲቀነስ እውነተኛው መንገድ፣ መሐል ላይ ከሚቆምበት ጋር፣ 17 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ስመለስ ግን ሳላርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ እገባለሁ። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ነው የነቁት።

«መንገዱ ያው አይደል? መሄጃው ከመመለሻው በምን ረዘመ?»

ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ማብራራት ጀመርኩ። ስመለስ ከኋላ ይገፋል፣ ስሄድ ፊት ለፊት...

«ነፋስ አይደለም፤ ሽሮው ነው» ብለው አቋረጡኝ።

ሻንጣዎቹ አጠገባችን ነበሩ። የተፈቀደው ሁለት፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ሁለቱም 23 ከሞሉ ቆይተዋል። በርበሬው በሦስት ፌስታል ታስሮ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ሽታው ግን አሁንም ሳሎኑን ይዞታል። ሽሮው፣ በሶው፣ ድርቆሹ፣ ቆሎው በየሸሚዙ መሐል ተሰግስገዋል። ጎረቤት ደግሞ «ግማሽ ኪሎ እንኳ አትሞላም» የሚሏትን መልእክት ይዘው ገቡ። ግማሽ ኪሎ የሆነች የጎረቤት መልእክት እስካሁን አላየሁም። በማግስቱ ቦሌ ወለሉ ላይ ተንበርክከን ሻንጣ ከፍተን ከአንዱ ወደ ሌላው ስናሸጋግር፣ ከጎናችንም ሌሎች ቤተሰቦች ያንኑ ያደርጉ ነበር።

እንግዲህ አክስቴ ሳይማሩ የደረሱበትን ልናገር። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉ የሚደገፈው፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ይህንኑ አየር ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰዉን፣ ሻንጣውንና አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ሁሉንም ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። አንዱ መቀነስ አለበት። ሰው ትኬት ገዝቷል፤ ሽሮ ይቀነስ የሚል ደፋር የለም፤ ነዳጁ ይቀነስና መንገድ ላይ ይቀዳል። ለዚሁ ሲባል አንድ ጊዜ ሮም፣ ሌላ ጊዜ ደብሊን ይቆማል። አየርላንድን እኔ የማውቃት በመስኮት ነው፤ ነዳጅ ቀጂዎቿ ግን ታታሪዎች ናቸው።

ዋሽንግተን ያለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚያ ሲነሳ ጫማውንም፣ ቫይታሚኑንም፣ ነዳጁንም ይዞ፣ ነፋሱም ታክሎበት፣ አንዴ ቦሌ ነው።

ይህን ሁሉ ስተርክላቸው አክስቴ «አላልኩህም?» አላሉም፤ ቡናቸውን ብቻ ፉት አሉ። ከተማው የሚያወራለትን አዲሱን የቢሾፍቱ አውሮፕላን ማረፊያም አነሳሁ። ቦታው ከቦሌ ዝቅ ስለሚል አውሮፕላኖች የበለጠ ጭነው መነሳት ይችላሉ አልኳቸው።

ሲኒውን አስቀመጡ።

«ስንት ኪሎ ይጨምሩልሃል?»