ሰኔ ላይ የሚመጣ ኖራ

ኧረ ሰለቸን! ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ እስከ ሰከላ ደጋ ድረስ መሬቱ አሲዳማ እንደሆነ ያልተነገረው ገበሬ የለም። መድኃኒቱ ኖራ መሆኑንም ያውቃል። በየስብሰባው ሰምቶታል፣ እጁንም አውጥቶ ጠይቋል። አሁንም የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ ኖራው መቼ ይደርሳል?

የአገራችን ዝናብ ብዙ ነው፤ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን በየክረምቱ አጥቦ ይወስዳል። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለምድጃ ይውላል፤ ወደ ማሳው የሚመለስ ነገር የለም። ዓመት ከዓመት የሚጨመረው ዩሪያም አሲዱን ያባብሰዋል። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥር ይመርዛል። የታመመ ገብስ ነቅሎ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ሥሩ አጥሮ፣ ወፍሮ፣ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ደንዝዟል። ከሥር እርጥበት እያለ ሰብሉ በውሃ ጥም ይጠወልጋል። በቆሎውም ከጉልበት ከፍ ሳይል የቅጠሉ ጠርዝ ሐምራዊ ይሆናል፤ ፎስፈረሱን ብረትና አሉሚኒየም አስረው ይዘውበታል።

አንጀት የሚያሳርረው ይኼ ነው። በግ ተሸጦ፣ ተበድረው፣ ቀን ሙሉ ተሰልፈው ያመጡት ማዳበሪያ አፈር ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ባለቤቱ ምርት ሲቀንስበት በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ዕዳውም አሲዱም አብረው ያድጋሉ። የመረረው ገብሱንና ባቄላውን ትቶ ግብጦ ይዘራል፣ ወይ ማሳውን ለባሕር ዛፍ ይሰጣል። እህል ያበቅል የነበረ መሬት ማገዶ ሲሆን ቆመን እናያለን።

ኖራ ደግሞ እንደ ዩሪያ በተን አድርገውት የሚሄዱበት ነገር አይደለም። ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ተበትኖ፣ በእርሻ ከአፈር ጋር መደባለቅ አለበት። ለበቆሎ ከሆነ በመጋቢት፣ ቢዘገይ በሚያዝያ መጀመሪያ ቀበሌ መድረስ ነበረበት። የሚመጣው ግን ሰኔ ላይ፣ መንገዱ ሲጨቀይ፣ በቆሎው ከበቀለ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ለአንድ ሄክታር እንደ አሲዱ ብዛት 20፣ 30፣ አንዳንዴም 40 ኩንታል ያስፈልጋል። መኪናው ዋናው መንገድ ላይ አራግፎ ሲመለስ ያን ሁሉ በአህያ ጭኖ ቁልቁለት የሚያወርደው ማን ነው? ክምሩ ዝናብ እየመታው ይደድራል፤ በሪፖርት ላይ ግን «ተሰራጭቷል» ተብሎ ይጻፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ልኬቱ ነው። በውጭ አገር በቤታቸው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ስለሆነ ውሃውን ዘወትር ይለካሉ፤ ፒኤቹ ከ8.1 እስከ 8.4፣ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም እንዲሆን ይጠብቃሉ፤ ሲጎድል የኖራ ውሃ ጠብ ጠብ ያደርጉለታል። ደግ አደረጉ፤ ሕይወት ያለው ነገር እንዲህ ሊጠበቅ ይገባዋል። ታዲያ ቤተሰብ የሚያድርበት ማሳ ለምን በግምት ይታከማል? በፒኤች የአንድ ቁጥር ልዩነት የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው። ሆኖም ፒኤቹ 5 ለሆነውም፣ ወደ 6 ለተጠጋውም እኩል ኩንታል ይታደላል። ናሙና ተቆፍሮ በፌስታል ይወሰዳል፤ ውጤቱ ለባለማሳው አይመለስም።

የኖራው ድንጋይ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ቢሆን በዶላር እጥረት እናሳብብ ነበር። የዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ባሕር አገራችንን ሸፍኖ ሳለ የተጠራቀመ ነው። ደጀን ላይ ይፈጫል፤ ደጀንና ፍኖተ ሰላምን የሚያገናኘውም አንድ አስፋልት ነው።

የምንለምነው ተአምር አይደለም። አዝመራው ሲነሣ ናሙና ይወሰድ። ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ ለባለማሳው ይሰጥ። ኖራው ከበልግ ዝናብ በፊት እስከ ቀበሌው ይድረስ። አንዴ በልኩ የገባ ኖራ ለዓመታት ያገለግላል። ይህን ማድረግ ካልተቻለ ግን ገበሬውን «ምርታማነት ጨምር» እያሉ በየስብሰባው ማድረቁ ይቅር።