አልነሳም ያለ ኮምፒውተርን ጨርሶ የመግደል ጥበብ

አርሲ ነገሌ ውስጥ አስፋልቱን ይዘው ከተደረደሩት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ የእርስዎ ነው እንበል። ወሩ መስከረም፣ ጊዜው የተማሪ ምዝገባ፤ በሩ ላይ ወላጆች ፎርም ይዘው ተሰልፈዋል። ሌሊት ሄዶ የነበረው መብራት ጠዋት እንደ ልማዱ ብልጭ ድርግም ብሎ መጥቷል። የሲፒዩውን ማብሪያ ሲጫኑት ዝም። እንኳን ደስ አለዎት! ከአሁን በኋላ የሚሠሩት ሁሉ ለአንድ ሰው እንጀራ ነው፤ ያ ሰው ግን እርስዎ አይደሉም።

ከሁሉ በፊት ሶኬቱን እንዳያዩ። ዲቫይደሩ ጠረጴዛ ሥር በእግር ተነክቶ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን ስንት ዓመት በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ጎንበስ ብሎ ዲቫይደር ሲፈትሽ ደንበኛ ምን ይላል? በሽታው እንደ ማዕረግዎ ከበድ ያለ መሆን አለበት። ከኋላ፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ 115 እና 230 የተጻፈበት ቀይ መቀያየሪያ ካገኙ ደግሞ «እስቲ ይሄን ብሞክረው» ይበሉ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ወደ 115 ያዞሩት እንደሆነ መልሱ ወዲያው ይመጣል፦ ቷ! ቀጥሎ ጭስ። ፓወር ሳፕላዩን በዚህ መንገድ ከጥርጣሬ ነፃ አወጡት፤ አሁን በእርግጥ ተቃጥሏል።

ቬንትሌተሩ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረና ማሽኑ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ከሆነ በጣም ይጠንቀቁ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ የመዳን አደጋ አለበት። ጢጥታው ብዙ ጊዜ ከራም ጋር የተያያዘ ስሞታ ነው። ሰው ገመዱን ነቅሎ፣ ራሙን አውጥቶ፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ ቀስ አድርጎ አሽቶ፣ ብናኙን አራግፎ፣ ቀጭ እስኪል መልሶ ቢሰካው ጉዳዩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ላጲስ አይንኩ። «በአልኮል ይጸዳል» ሲባል ሰምተዋልና አረቄ ያስመጡ፤ ነገሌ ተቀምጦ አረቄ አጣሁ የሚል የለም። ጠጋኞች የሚጠቀሙበት አልኮል ውሃ የሌለው ለማለት የሚያስደፍር ነው፤ የሰፈራችን ዳግም አረቄ ግን ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ለማዘርቦርድ ይህን ያጠጡትና የተረፈውን እርስዎ ይጠጡት። ያስፈልግዎታል።

ሰዓቱ ወደ ኋላ መመለሱን፣ በየጠዋቱም ኤፍ 1 ተጫኑ ማለቱን ከወራት በፊት አይተው ነበር። ሰባት ስምንት ዓመት ከሆነ የተመለሰው የእኛን ዘመን አቆጣጠር ተቀበለ ብለው ይለፉት። ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ አልቃለች ብለው እንዳይጠረጥሩ። እሷ ስታልቅ ማሽኑ ቀን ብቻ አይደለም የሚረሳው፤ ከየትኛው ሃርድ ዲስክ እንደሚነሳና ዲስኩን በምን ዓይነት መንገድ እንደሚያነብም ይረሳል። ያኔ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል፤ ዲስኩ ግን ደህና ነው። የደንበኛ ፍላሽ ተሰክቶ አድሮ ማሽኑ ከእሱ ለመነሳት ሲታገል «ሲስተም የለም» የሚልበት ጊዜም አለ። ፍላሹን መንቀል ግን ከሰው አፍ አያስወጣም፤ «ዊንዶውሱ ተበላ» ማለት ይሻላል።

አሁን ወደ ታላቁ መድኃኒት ደረስን፦ ፎርማት። የጎረቤት ልጅ ይጠሩ፤ ገና በሩ ላይ ሆኖ፣ ማሽኑን ሳያይ፣ «ፎርማት ነው የሚፈልገው» ይልዎታል። ክዳኑን ከፍቶ ማዘርቦርዱ ላይ ጣሳ ጣሳ የሚመስሉት ኮንደንሰሮች አናታቸው አብጦ እንደሆነ አይቶ የሚመልስ ጠጋኝ ቢመጣ ያባርሩት። ነገሩ ተረት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በተሸጡ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተሮች ላይ እነዚሁ ዕቃዎች እያበጡ ስላስቸገሩ ኩባንያው በ2005 ለጥገናና ለመተኪያ 300 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። ያበጠ ኮንደንሰር በፎርማት አይሟሽሽም። እርስዎ ግን ፎርማት ያስደርጉ።

ልጁ «ፋይል አለህ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ «ምንም የለም» ይበሉት። ማታ ላይ ያስታውሳሉ፦ የቁቤው ማመልከቻ ናሙና፣ ስካን የተደረገው መታወቂያ፣ የሠርግ ጥሪው፣ ሁሉም ዴስክቶፕ ላይ ነበር፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ያለው የተደመሰሰው ሲ ውስጥ ነው። በፍላሽ የተረፉት የአማርኛ ደብዳቤዎችም በድሮው ፓወር ግዕዝ ስለተጻፉ፣ ፎንቱ እስኪጫን ድረስ የሚታዩት እንደ ተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ይመጣሉ። «ልጄ፣ ያችን ያምናዋን ማመልከቻ ቀኗን ብቻ ቀይርልኝ።»

«አባባ፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ሆኗል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ጠፍቷል ማለት ነው።»

«ታዲያ ይኼ ፊት ለፊትህ ያለው ምንድን ነው?»

መልስ አይስጡ። ሲፒዩውን ባጃጅ ላይ ይጫኑና ሻሸመኔ ያድርሱት፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ጠጋኙ «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ሲልዎ ሁለተኛ ሰው ሳይጠይቁ ለመለዋወጫ ይሽጡለት። ገዢው ባትሪዋን ይቀይራል፤ ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ ከብዙ መኪና ቁልፎች ባትሪ ጋር አንድ ዓይነት ናት። ለእርስዎ የሚቀረው ሌላ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ ፋይሉን ሁሉ እንደገና ዴስክቶፕ ላይ መደርደር ነው።